ከሀዋሳ የሚነሳ በረራ ርቀቱና የሚፈጀው ጊዜ በእጅ እንዴት ይሰላል?

ከሀዋሳ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 213 ኪሎ ሜትር ነው። በሞጆ በኩል የሚሄደው የመኪና መንገድ ደግሞ 275 ገደማ ይሆናል። በዚህ መስመር የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አየር ላይ ከተደላደለ በኋላ በሰዓት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 213ን ለ600 ሲያካፍሉት 21 ደቂቃ ይመጣል። ትኬቱ ላይ ግን ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ተጽፎ ያገኛሉ። ማካፈሉ ላይ ስህተት የለም። ያልተቆጠረው አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚያኮበኩብበት፣ ወደ ላይ የሚወጣበትና ለማረፍ የሚዞርበት ጊዜ ነው። በአጭር በረራ ላይ ደግሞ ከርቀቱ ይልቅ ይህ ክፍል ያመዝናል።

ለስሌቱ ስኩዌር ሩት ያለው ካልኩሌተር (የስልኩ ይበቃል)፣ ወረቀትና የሁለቱ አየር ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ (ቦታው በሰሜን–ደቡብና በምሥራቅ–ምዕራብ የት እንዳለ የሚያሳዩት ቁጥሮች) ያስፈልጋል።

መነሻውን ነጥብ በትክክል መያዝ

ርቀቱ የሚለካው ከአየር ማረፊያ እስከ አየር ማረፊያ ነው፤ ከከተማ እስከ ከተማ አይደለም። ሀዋሳ ላይ ይህን ንቆ ማለፍ አይቻልም። ከተማው የተቀመጠው በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ሲሆን አየር ማረፊያው ያለው ከሐይቁ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ከፒያሳ ቀጥታ ቢለካ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ መኪናው በጥቁር ውሃ በኩል ወጥቶ ሐይቁን መዞር ስላለበት የሚሄደው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ «ሀዋሳ» ብለው ሲፈልጉ ምልክቱ የሚያርፈው መሀል ከተማ ላይ ስለሆነ፣ ስሌትዎ ገና ሲጀመር 10 ኪሎ ሜትር ይስታል።

በስልክ ካርታ ላይ ራንዌዩን በዓይን ይፈልጉ። ከሳተላይት ሲታይ ረጅም ጥቁር ግራጫ መስመር ነው። መሀሉ ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ሲቆዩ ምልክት ይተከላል፤ ቁጥሮቹም ከታች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ ነው፣ ሁለተኛው ኬንትሮስ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ይበቃዎታል፤ ስህተቱ ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም።

በአየር መንገዶች ድረ ገጽ ላይ ሲፈልጉ የሀዋሳ ኮድ ኤ፣ ደብሊው፣ ኤ ነው። ኮዱ የከተማዋን የቀድሞ አጠራር «አዋሳ»ን ስለያዘ በ«ኤች» የሚጀምር ኮድ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ለዚህ መመሪያ የምንጠቀምባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

ሀዋሳ 7.10 ሰሜን፣ 38.40 ምሥራቅ
ቦሌ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ
አርባ ምንጭ 6.04 ሰሜን፣ 37.59 ምሥራቅ
ጅማ 7.67 ሰሜን፣ 36.82 ምሥራቅ
ድሬዳዋ 9.62 ሰሜን፣ 41.85 ምሥራቅ
ባሕር ዳር 11.61 ሰሜን፣ 37.32 ምሥራቅ
መቀሌ 13.47 ሰሜን፣ 39.53 ምሥራቅ

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ሰነድ ቦታውን በዲግሪና በደቂቃ ይጽፋል። የቦሌ ኬክሮስ 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ነው። ይህን 8.59 ብለው ከጻፉት 43 ኪሎ ሜትር አጡ ማለት ነው። ዲግሪ እንደ ሰዓት በ60 ደቂቃ ስለሚከፈል መጀመሪያ 59ን ለ60 ያካፍሉ፤ 0.98 ይመጣል፣ ቁጥሩም 8.98 ይሆናል። ሀዋሳም 7 ዲግሪ ከ6 ደቂቃ ነው፤ 6 ለ60 ሲካፈል 0.10 ስለሆነ 7.10 ብለው ይጻፉት፤ 7.06 ወይም 7.6 አይደለም። ኬክሮስና ኬንትሮስን ማቀያየርም የተለመደ ነው፤ እሱ ግን ወዲያው ይታወቃል፤ ሀዋሳ አልጄሪያና ሰርዲኒያ መካከል ባሕር ውስጥ ትገባለች።

ርቀቱን ማውጣት

አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ከምድር ወገብ እየራቀ ሲሄድ ይጠባል፤ ሀዋሳና ቦሌ አካባቢ 110 ኪሎ ሜትር፣ መቀሌ ላይ 108 ገደማ ነው። ለሀገር ውስጥ ስሌት 110ን መያዝ ይበቃል።

ሀዋሳ–ቦሌን እንሥራ። የኬክሮስ ልዩነቱ 8.98 ሲቀነስ 7.10፣ ማለትም 1.88 ነው። በ111 ሲባዛ 208.7 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይሆናል። የኬንትሮስ ልዩነቱ 0.40 ነው፤ በ110 ሲባዛ 44 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ። እነዚህ ሁለቱ የቀጥተኛ ማዕዘን ሦስት ጎን አጫጭር ጎኖች ናቸው። እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ (43,556 እና 1,936)፣ ይደምሩ (45,492)፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፤ 213 ይመጣል።

ይህ መንገድ መሬትን ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያሰላው። በሀገር ውስጥ ርቀት ላይ የሚያመጣው ስህተት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቤጂንግ ወይም ዋሽንግተን ለማስላት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለዚያ ሉል ላይ ክር ወጥሮ መለካት ይሻላል።

አብራሪዎችና የበረራ ሰነዶች በኪሎ ሜትር አይናገሩም። እነሱ ዘንድ ሀዋሳ–ቦሌ 115 የባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን የመኪናው ማይል 1.609 ነው። 115ን በመኪናው ማይል የቀየረ ሰው 185 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል፤ 28 ኪሎ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። «ኖት» የሚባለው ፍጥነትም በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው።

ቀጥታው መስመር እና እውነተኛው መንገድ

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ስህተት ይሠራል። ከሀዋሳ የሚነሳ መንገደኛ ወደ ሌላ የክልል ከተማ በአብዛኛው የሚበረው በቦሌ በኩል ነው። ኢንተርኔት ላይ «የሀዋሳ–አርባ ምንጭ የአየር ርቀት» ብለው ሲፈልጉ የሚወጣው 148 ኪሎ ሜትር ትክክል ነው። ነገር ግን የሚጓዙት 148 ኪሎ ሜትር አይደለም። መጀመሪያ 213 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፣ ከዚያ 352 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይመለሳሉ። ድምሩ 565 ነው።

በሁሉም መዳረሻዎች ላይ ያለው ልዩነት እንዲህ ነው (መጀመሪያ ቀጥታው፣ ቀጥሎ በቦሌ በኩል)፦

አርባ ምንጭ 148 ኪሎ ሜትር፣ በቦሌ 565
ጅማ 185፣ በቦሌ 475
ድሬዳዋ 471፣ በቦሌ 556
ባሕር ዳር 514፣ በቦሌ 547
መቀሌ 718፣ በቦሌ 718

የመጨረሻው መስመር የጽሕፈት ስህተት አይደለም። ቦሌ ሀዋሳንና መቀሌን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ ልትባል በምትችል ቦታ ተቀምጣለች፤ ስለዚህ በቦሌ ማለፍ በርቀት በኩል ምንም አያስከፍልም። ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ቦሌ መንገድ ላይ ናት፤ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ለሚሄድ ግን ትልቅ ዙር ናት። አርባ ምንጭንና ጅማን በአውሮፕላን ከማሰብዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

ጊዜውን ማስላት

ለኪው 400 የሚሠራው ደንብ 25 ደቂቃ ሲደመር በየ10 ኪሎ ሜትሩ 1 ደቂቃ ነው። ሀዋሳ–ቦሌ 25 እና 21፣ ማለትም 46 ደቂቃ። ቦሌ–ጅማ 262 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 51 ደቂቃ። ቦሌ–ባሕር ዳር 334 ኪሎ ሜትር፣ 58 ደቂቃ። ቦሌ–ድሬዳዋ 343 ኪሎ ሜትር፣ 59 ደቂቃ። ቦሌ–አርባ ምንጭ 352 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት። ቦሌ–መቀሌ 505 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። አየር መንገድ ፕሮግራም ሲያወጣ መጠባበቂያ ስለሚጨምር ትኬቱ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከፍ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። «ቀድመን ደረስን» የሚያሰኘውም ይኸው መጠባበቂያ ነው።

25 ደቂቃው ከየት መጣ? የበረራ ጊዜ የሚቆጠረው ጎማው ስር ያለው ማገጃ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ፣ መዳረሻው ላይ ቆሞ ማገጃው እስኪገባለት ድረስ ነው። ራንዌዩ ጫፍ ድረስ ማኮብኮብ ሀዋሳ ላይ አጭር ነው። ቦሌ ላይ ግን ከፊት የሚነሳና የሚያርፍ ስለሚበዛ ወረፋ አለ። ከተነሳ በኋላ አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ፍጥነቱ ከ600 በእጅጉ ያንሳል፤ ለማረፍ ሲወርድም እንዲሁ። 213 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ አብዛኛው በረራ መውጣትና መውረድ ነው፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሌላው የራንዌዩ አቅጣጫ ነው። ቦሌ ላይ ራንዌዮቹ 07 እና 25 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ይኸውም በኮምፓስ 70 እና 250 ዲግሪ ማለት ነው፤ በግርድፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። ከሀዋሳ የሚመጣው አውሮፕላን ከደቡብ ስለሚደርስ በየትኛውም ጫፍ ቢያርፍ ጎኑን አዙሮ መሰለፍ አለበት። የትኛው ጫፍ እንደሚመረጥ የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነውና። ይህ ዙር ቀጥታው መስመር ላይ የሌለ ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ 25ቱ ደቂቃ ውስጥም ተካቷል።

በዚህ መስመር ላይ ስሌቱን በዓይን መመርመር ይቻላል። የኪው 400 ክንፉ ከላይ ስለሆነ ከየትኛውም መስኮት መሬቱ ይታያል። ከሀዋሳ ወደ ቦሌ ሲሄዱ በስተቀኝ ይቀመጡ። ሰማዩ ከጠራ ሻላ፣ አብያታና ላንጋኖ በተከታታይ ይታያሉ፤ ቀጥሎ ዝዋይ ይመጣል። ዝዋይ ሐይቅ 8 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነ የቀጥታው መስመር ግማሽ ከእሱ ትይዩ ነው። ሐይቁ በመስኮቱ ልክ ሲሆን ሰዓትዎን ይመልከቱ፤ ከመሬት ከተነሱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይመዝግቡ። ስልክዎን የበረራ ሁነታ ላይ አድርገውም ጂፒኤሱ ይሠራል፤ መስኮቱ አጠገብ ከያዙትና ካርታውን ቀድመው ካወረዱት ያሉበትን ያሳይዎታል።

አውሮፕላኑ ጄት ከሆነስ? ለቦይንግ 737 ደንቡ 30 ደቂቃ ሲደመር በየ13 ኪሎ ሜትሩ 1 ደቂቃ ነው። በዚህ ሂሳብ ቦሌ–ድሬዳዋ 56 ደቂቃ ይሆናል፤ በኪው 400 59 ነበር። 3 ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ የትኬት ሰዓት መቀየር ዋጋ የለውም። መቀሌ ላይ ልዩነቱ 6 ደቂቃ ይደርሳል። ጄት የሚያተርፈው ረጅም መንገድ ላይ ነው።

ጊዜውን የሚያበላሹ ነገሮች

ሰዎች ነፋስን ከሚገባው በላይ ይፈራሉ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ነፋስ 600ውን 560 ያደርገዋል፤ የኋላ ነፋስ ደግሞ 640። በቦሌ–ድሬዳዋ ርቀት ይህ 37 እና 32 ደቂቃ ማለት ነው፤ በሄዱበትና በተመለሱበት መካከል 5 ደቂቃ ብቻ። ሀዋሳ–ቦሌ ላይ 3 ደቂቃም አይሞላም። ለአጭር በረራ የነፋስ ስሌት ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

እውነተኛው አጥፊ ዝናብና ወረፋ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ቦሌ ላይ ነጎድጓድ ሲኖር አውሮፕላኖች ተራ እስኪደርሳቸው አየር ላይ ይዞራሉ። የሚዞሩት በዘፈቀደ አይደለም፤ መደበኛው ዙር በአንድ ጎን 1 ደቂቃ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ 1 ደቂቃ መዞር፣ 1 ደቂቃ መመለስ፣ 1 ደቂቃ መዞር ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ ቀጥታው ክፍል ወደ 1 ደቂቃ ተኩል ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ዙር 4 ወይም 5 ደቂቃ ነው። መስኮቱ ላይ ያው ተራራ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ 10 ደቂቃ ገደማ ጨምረዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ቦሌ ላይ ሌላ በረራ የሚይዝ ሰው የጠዋቱን በረራ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሙቀትና ከፍታም አሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ከሀዋሳ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ ለአውሮፕላን ስሌት መደበኛ ተብሎ የሚያዘው ሙቀት 0 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀትር ላይ 24 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳል፤ አውሮፕላኑ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚነሳው። ክንፉ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ለመነሳት የበለጠ መንደርደር ያስፈልገዋል፤ የሚወጣውም በዝግታ ነው። አንዳንዴም ክብደት ይቀነሳል። ሀዋሳም 28 ዲግሪ ሲሆን 2,600 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ እንዳለው ቦታ ይሆናል። ለተሳፋሪ ይህ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን የተፈቀደውን ኪሎ አልፎ የሚመጣ ሻንጣ በቀትር በረራ ላይ ለምን አስቸጋሪ እንደሚሆን ያስረዳል።

ከሁሉ የሚበዛው የመዘግየት ምክንያት ግን ሀዋሳ ላይ የሚነሳ አይደለም። እርስዎን የሚወስደው አውሮፕላን በአብዛኛው በዚያው ሰዓት ከቦሌ የሚመጣው ነው። እሱ ካልመጣ እርስዎ አይሄዱም። በረራው 50 ደቂቃ፣ ሰው አውርዶና ጭኖ ለመመለስ 30 ደቂቃ ይያዙ፤ 80 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ከሀዋሳ ከሰዓት 10:10 የሚነሳ በረራ ካለዎት፣ አውሮፕላኑ ከቦሌ እስከ 8:50 መነሳት ነበረበት። አውሮፕላኖች ያሉበትን በካርታ የሚያሳየው ፍላይትራዳር 24 ድረ ገጽ ላይ ገብተው ይመልከቱ። 9:20 ሆኖ ገና ቦሌ ከቆመ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዘግይቷል። በዚያው ገጽ ያለፉት ቀናት በረራዎች የተነሱበትና ያረፉበት ትክክለኛ ሰዓት ስለሚገኝ ከትኬቱ ይልቅ የሳምንቱን ልማድ ማየት ይሻላል። የአውሮፕላኑ ዓይነት ዲ ኤች 8 ዲ ተብሎ ከተጻፈ ኪው 400 ነው።

የበዓል ሰሞን ለየት ይላል። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሀዋሳም ቁልቢም ስለሚከበር ወደ ሀዋሳና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው አውሮፕላን ሙሉ ነው፤ መሳፈሩና ሻንጣ ማውረዱ ይረዝማል። በጥምቀትና በፍቼ ጫምባላላ ሰሞንም ቦሌ ላይ ለመሸጋገሪያ ከሚይዙት ጊዜ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

የትኬቱን ሰዓት ማንበብ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 16:10 ካለ 6 ይቀንሱ፤ ከሰዓት 10:10 ነው። 07:10 ጠዋት 1:10 ነው። ከ6 በታች ከሆነ 6 ይደምሩ፤ 05:30 ሌሊት 11:30 ነው። ሀገሪቱ በሙሉ አንድ የሰዓት ክልል ስለሆነች በሀገር ውስጥ በረራ የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ሲቀንሱ የሚመጣው በቀጥታ የበረራው ጊዜ ነው፤ 16:10 ተነስቶ 17:00 ከደረሰ 50 ደቂቃ። ወደ ዱባይ ለሚሸጋገር ግን ዱባይ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም ከሚመጣው ላይ 1 ሰዓት ይቀንሳሉ።

ቀኑም ያሳስታል። በትኬቱ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። ማክሰኞ 01:00 የተባለ ዓለም አቀፍ በረራ በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ከሀዋሳ ማክሰኞ ጠዋት ተነስቶ ሊይዘው ያሰበ ሰው በረራው ካመለጠው በኋላ ነው ቦሌ የሚደርሰው። ይህ በረራ ሰኞ ከሰዓት ከሀዋሳ መውጣትን ይጠይቃል። የወሩ ቀንም የፈረንጅ ነው፤ ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ወደ 20 ይዞራል።

ከደጅ እስከ ደጅ

የበረራ ጊዜ ብቻውን ጉዞ አይደለም። ከሀዋሳ ፒያሳ ተነስተን መስቀል አደባባይ እስክንደርስ እንደምር። አየር ማረፊያ ለመድረስ 40 ደቂቃ፣ ቀድሞ ለመገኘት 90፣ በረራው 50፣ ሻንጣ ለመቀበል 20፣ ከቦሌ ወደ መሀል 30። ድምሩ 230 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። በመኪና 275 ኪሎ ሜትር በአማካይ 60 እየሄዱ 4 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ ዝዋይ ላይ ዓሣ ለመብላት ከቆሙ ከ5 ሰዓት ይዘላል። አውሮፕላኑ ያተረፈልዎት 45 ደቂቃ ነው። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከያዙ ትርፉ 1 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ሰው «50 ደቂቃ ብቻ» ብሎ ያሰበው ጉዞ እንደዚህ ነው።

ወደ ድሬዳዋ ሲሆን ሂሳቡ ይገለበጣል። 40፣ 90፣ 46፣ ቦሌ ላይ ለመሸጋገር 90፣ 59፣ ሻንጣ 20፣ ወደ ከተማ 20። 365 ደቂቃ፣ ወይም 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። የመኪናው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይበላል። እዚህ ያለ ማመንታት በአውሮፕላን ይሂዱ።

አርባ ምንጭም በአውሮፕላን 6 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይወስዳል። በሻሸመኔና በሶዶ በኩል ያለው የመኪና መንገድ ግን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአማካይ 50 ቢሄዱ 5 ሰዓት ተኩል። በቀጥታ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ወይም ሴቻ ሰፈር ያደርሳል፣ ከትኬቱም ይረክሳል። ለዚህ መስመር መኪናውን ነው የምንመክረው።

መሸጋገሪያውን ከ90 ደቂቃ በታች አያድርጉት። ከሀዋሳ የመጣው በረራ 30 ደቂቃ ዘግይቶ ሁለት ዙር አየር ላይ ቢዞር 40 ደቂቃ ሄደ፤ ከ90 ላይ 50 ይቀራል፤ ወርዶ፣ በፍተሻ አልፎ ጌቱ ጋ ለመድረስ ይበቃል። 60 ደቂቃ ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ 20 ነበር የሚቀርዎት፤ ጌቱ ደግሞ ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ ይዘጋል። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት ይግዙ፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት በሚቀጥለው በረራ የሚያስገባዎት አየር መንገዱ ነው። በተለያየ ትኬት የገዛ ሰው ሁለተኛውን እንደገና ከኪሱ ይከፍላል።

ከአዳማ ለሚነሱ አንድ ቃል እንጨምር። አዳማ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ያለው አየር ማረፊያ ስለሌላት መነሻዋ ቦሌ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ሀዋሳ ለመሄድ ወደ ቦሌ ተመልሶ አውሮፕላን መያዝ ትርፍ የለውም፤ በሞጆ ታጥፎ በመኪና መውረድ ነው። ወደ ድሬዳዋ፣ መቀሌ ወይም ባሕር ዳር ለሚሄድ ግን ከላይ ያለው ስሌት እንዳለ ይሠራል፤ የሀዋሳ–ቦሌውን 46 ደቂቃና የመሸጋገሪያውን 90 አውጥተው፣ ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደውን 40 ደቂቃ በአዳማ–አዲስ አበባ ፈጣን መንገድ በሚፈጀው ጊዜ ይተኩት፤ ከመንገዱ መውጫ እስከ ቦሌ ላለው የከተማ መጨናነቅም ጠዋትና ማታ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይያዙለት።